ከጅማ ላንጋኖ በሕዝብ ትራንስፖርት፦ ቅዳሜና እሑድ ይበቃል ወይ?

ጅማ ለሥራ ወይም ለትምህርት መጥቶ የሚኖር ሰው፣ ከሐዋሳም ይምጣ ከባሕር ማዶ፣ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ የሚጠይቀው ይታወቃል፦ ቅዳሜና እሑድ ሄደን የምንዋኝበት ውኃ ዳር የት አለ? የሚሰጠው መልስም ብዙ ጊዜ ላንጋኖ ነው። መልሱ ልክ ነው። አገራችን ባሕር የላትም፤ አሸዋ ላይ ጋደም ብሎ፣ ሲያሻ ደግሞ ቢልሃርዚያ (ከውኃ በቆዳ በኩል የሚገባ ጥገኛ ትል የሚያመጣውን በሽታ) ሳይፈሩ ገብቶ ለመዋኘት ከሐይቆቻችን ላንጋኖን የሚያህል የለም። ስሕተቱ ያለው «ቅዳሜና እሑድ» የሚለው ላይ ነው።

የራሱ መኪና ለሌለው የጅማ ነዋሪ ላንጋኖ የአራት ቀን ጉዞ ነው፤ ዓርብ ማለዳ ወጥቶ ሰኞ ከሰዓት መመለስ። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከአዲስ አበባ ላንጋኖ ደግሞ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመጀመሪያው በአውቶቡስ ከ7 እስከ 9 ሰዓት ይፈጃል፤ ሁለተኛው ከ3 ሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳል፤ በመካከሉ አዲስ አበባን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማቋረጥ አለ። አገር አቋራጭ አውቶቡስ በአብዛኛው ማታ ስለማይጓዝ የጠፋውን ሰዓት በሌሊት ማካካስ አይቻልም። ቅዳሜ ተነስቶ እሑድ እመለሳለሁ የሚል ሰው ውኃውን ሳያይ ይመለሳል። ስለዚህ ዓርብና ሰኞን ፈቃድ ውሰዱ፤ ወይም ስቅለት ዓርብ የሚዘጋበትን የፋሲካ ሰሞን የመሰለ ረጅም እረፍት ጠብቁ። የበዓል ዋዜማ ግን መኪና ይጠፋል፣ ከታሪፍ በላይ መጠየቅም ይበዛል፤ በበዓል የሚሄድ ሰው ከዋዜማው አንድ ቀን ቀድሞ ቢወጣ ይሻለዋል።

ዋጋ በብር አልጻፍንም። ነዳጅ በተስተካከለ ቁጥር ታሪፉ ስለሚለወጥ ዛሬ የተጻፈ ቁጥር ከወር በኋላ ሰው ያሳስታል። የቀኑን ታሪፍ መናኸሪያው ሰሌዳ ላይ አንብቡ፤ ከዚያ በላይ የተጠየቀ ሰው ስምሪት ክፍሉ ጋ ሄዶ የማመልከት መብት አለው።

ከጅማ መናኸሪያ እስከ አየር ጤና

ትኬት በዋዜማው ይቆረጣል። ሐሙስ ከሰዓት ሄዳችሁ በመስኮቱ በኩል ግዙ፤ ቀኑ፣ የወንበር ቁጥሩና የመኪናው ታርጋ መጻፉን እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። ታርጋ የሌለው ትኬት ጠዋት ችግር ያመጣል፤ ወንበራችሁ ለሌላ ሰው ተሸጦ ብታገኙት የምትከራከሩበት ወረቀት የላችሁም። በር ላይ «አዲስ፣ አዲስ፣ አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ክንድ የሚይዘውን ደላላ እለፉት፤ አንድ ሰው ቀረው የሚለው መኪና ብዙ ጊዜ ግማሹም አልሞላም። የመንገዱን ሰላም ደግሞ በዋዜማው እዚያው ጠይቁ። ሾፌሮቹና ስምሪቶቹ የትኛው መስመር እንደተከፈተና እንደተዘጋ ከማንም ቀድመው ያውቃሉ።

የመኪና ምርጫው ሦስት ነው። አንደኛ ደረጃ አውቶቡስ ወንበሩ ሰፋ ያለ ነው፣ ሻንጣ ከሥር ይገባል፣ መንገድ ላይ ሰው እየለቀመ አይሄድም። ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ ርካሽ ነው፤ ግን ሰርቦ፣ አሰንዳቦ፣ ሰኮሩ እያለ ሲያወርድና ሲጭን ከአንድ ሰዓት በላይ ያባክናል፣ ሻንጣም ጣሪያ ላይ ይጫናል። ሦስተኛው ዶልፊን የሚባለው ሚኒባስ ነው። ፈጣን ነው፤ ከአውቶቡሱ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ሊገባ ይችላል። ሌሊት 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ከየሰፈሩ ሰው እየሰበሰበ ከመናኸሪያ ውጭ የሚነሳውን ግን ማንም እንዳይሳፈር አጥብቀን እንመክራለን። ትኬት የለውም፣ ሾፌሩ ምን ያህል እንደተኛ የሚጠይቅ የለም፣ የጊቤን ጠመዝማዛ የሚወርደውም በጨለማ ነው። ለሐይቅ ብሎ ይህን ያህል አደጋ መግባት አያስፈልግም። በቀን፣ ከመናኸሪያ ወረፋ ይዞ የሚወጣው ሚኒባስ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የእግር ቦታው መጥበቡን ከቻላችሁት ጥሩ አማራጭ ነው።

ለአራት ቀን በጀርባ የሚታዘል ቦርሳ ይበቃል፤ ሻንጣ ጣሪያ ላይ ካልወጣ የጫኝ ክፍያም፣ ዝናብም፣ አቧራም አያገኘውም። ግድ ከወጣ ሸራው ከላዩ መታሰሩን ራሳችሁ እዩ። አዲስ አበባ ላሉ ዘመዶች ቡና መያዝ የጅማ ልማድ ነው፤ ለቤት የሚሆን የተቆላ ወይም የተፈጨ ጥቂት ቡና ችግር የለውም፤ ጥሬ ቡና በማዳበሪያ ጭኖ መሄድ ግን ያለ ፈቃድ ቡና ማዘዋወር ስለሚሆን ኬላ ላይ ያስወርሳል።

ወንበር ምርጫ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ለስምንት ሰዓት መንገድ ግን ቀላል አይደለም። ከጅማ ስትወጡ መኪናው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስለሚሄድ የጠዋቱ ፀሐይ በቀኝ በኩል ይገባል፤ በግራ ተቀመጡ። ስትመለሱ ተገላቢጦሽ ነው፤ ጠዋት ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ጥላው በቀኝ ነው። ከጎማ በላይ ያለው ወንበር እግር አያስዘረጋም፣ የኋለኛው መደዳ በየጉድጓዱ ያዘልላል፤ ከመሐል በር ፊት ያሉት ሁለት ሦስት ረድፎች የተሻሉ ናቸው።

ከመንገዱ ሁሉ የሚከብደው ጊቤ ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከሰኮሩ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ወንዙ ሲወርድ ከፍታው እስከ 1,100 ሜትር አካባቢ ይቀንሳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ እንደገና ወደ ወልቂጤ ይወጣል። ጆሮ ይደፈናል፣ ሙቀቱ በድንገት ይመጣል፣ መስኮት ይከፈት አይከፈት የሚለው ክርክርም እዚህ ላይ ይነሳል። የሚያስመልሰው ጠመዝማዛው፣ ሙቀቱና የታፈነው አየር አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። የማቅለሽለሽ ክኒን የሚወስድ ሰው ከመሳፈሩ ግማሽ ሰዓት በፊት መዋጥ አለበት፤ ሰኮሩ ላይ ማቅለሽለሽ ከጀመረ በኋላ የተዋጠ ክኒን አይረባም። ክኒኑ ስለሚያስተኛ ቦርሳችሁን እግራችሁ መሐል አድርጉ። ቁርስ ቀለል ያለ ይሁን፤ ዳቦ በሻይ ይበቃል። ቅባት የበዛበት ፍርፍር በልቶ ጊቤን መውረድ ጥሩ አይደለም። ስልክ ላይ ማንበብ አቁሙ፣ ዓይናችሁን ከፊት ካለው መንገድ አትንቀሉ፣ ፌስታል ከኪስ አይጥፋ።

ቁልቁለቱን ሾፌሩ በከባድ ማርሽ መውረድ አለበት። ፍሬን ብቻ እየረገጠ ከወረደ ፍሬኑ ይግላል፣ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ ፍሬኑ መያዙን ማንም ዋስትና አይሰጥም። ሽታው ሲመጣ ዝም አትበሉ። አንድ ሰው ብቻውን ሲናገር «ዝም በይ፣ ዝም በል» ይባላል፤ ሦስት አራት ተሳፋሪ ሆኖ «ሾፌር ቀስ በል፣ ቆም አድርገህ አቀዝቅዘው» ሲባል ግን ረዳቱ ራሱ መልእክቱን ያደርሳል።

ምሳ ወልቂጤ ወይም ወሊሶ ነው። መኪናው ከግማሽ ሰዓት በላይ አይቆምም፣ የሚቆምበትንም ቤት የሚመርጠው ሾፌሩ ነው፤ ሃምሳ ሰው በአንድ ጊዜ ስለሚገባ ምግቡ ዘግይቶ መጥቶ ሳይበላ የሚነሳ አይጠፋም። ዳቦ፣ ሙዝና ቆሎ የያዘ ሰው ያን ግማሽ ሰዓት እግሩን ያፍታታበታል።

ፍተሻ ላይ ሁሉም ይወርዳል፤ ወንድና ሴት ለየብቻ ይሰለፋሉ። የቀበሌ መታወቂያ ወይም ፋይዳ በእጅ መያዝ ነው። ከውጭ አገር መጥታችሁ ጅማ የምትኖሩ ደግሞ ፓስፖርቱን ቤት ትታችሁ ፎቶ ኮፒውን ብቻ ይዛችሁ አትውጡ፤ የመኖሪያ ፈቃድ መታወቂያችሁን ጨምራችሁ ያዙ። ኬላ ላይ ይፈለጋል፤ ላንጋኖ አጠገብ ያለውን የአብጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ የሚጎበኝ ሰውም በነዋሪ ዋጋ እንዲስተናገድ ለመጠየቅ ይጠቅመዋል።

አዲስ አበባን ማቋረጥ

ትኬት ስትቆርጡ መኪናው የት እንደሚገባ ጠይቁ፦ አየር ጤና ነው ወይስ አውቶቡስ ተራ? ለዚህ ጉዞ አየር ጤና እጅግ የተሻለ ነው። ከዚያ በቀለበት መንገድ ወደ ቃሊቲ መናኸሪያ መሻገር ይቻላል። አውቶቡስ ተራ የወረደ ሰው ግን ቦርሳ ተሸክሞ ከመርካቶ ግርግር መውጣት አለበት፤ ኪስ የሚዳብሱትም ሻንጣ የያዘ ሰው ላይ ያነጣጥራሉ። በታክሲ እየቀያየሩ መሄድ ርካሽ ነው፣ ግን ሰዓት ይበላል፤ ሁለት ሦስት ሰው ከሆናችሁ በስልክ የሚጠራ መኪና ተካፍላችሁ ያዙ።

ሰዓቱ 9 ወይም 10 ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቃሊቲ የሻሸመኔ መኪና ያገኛል፣ ደስ ብሎት ይገባል፣ ላንጋኖ መገንጠያ ሲደርስ ግን መሽቷል፤ ከአስፋልቱ እስከ ውኃው ያለውን መንገድ በጨለማ የሚያደርሰው የለም። ዓርብን ከቃሊቲ ወደ ቢሾፍቱ ሄዳችሁ እደሩ። ቅርብ ነው፣ ሚኒባሱ አይቋረጥም፣ አልጋውም ለየአቅሙ ይገኛል። አመሻሹን ሆራ ሐይቅ ዳር መቀመጥ ይቻላል። የቢሾፍቱ ሐይቆች ግን የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ያሉ ናቸው፤ ከዳሩ ሁለት ሦስት እርምጃ እንደራቁ ጥልቅ ይሆናሉ። ዋና በደንብ የማይችል ሰው ቢታገሥ ይሻላል፤ ላንጋኖ ነገ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት

ከቢሾፍቱ ሆናችሁ የሐዋሳ ወይም የሻሸመኔ መኪና መንገድ ላይ ለማስቆም አትድከሙ፤ ከቃሊቲ ሞልተው ነው የሚመጡት። በሚኒባስ ሞጆ ሂዱ፤ የደቡብና የምሥራቅ መንገድ የሚለያየው እዚያ ነው። ከሞጆ ባቱ፣ ማለትም ዝዋይ፣ የሚል መኪና ያዙ። አዲሱን ፈጣን መንገድ የሚይዝ ከሆነ መቂ ከተማ ሳይገባ ያልፋል፣ ጊዜም ይቆጥባል።

ባቱ ላይ አንድ ሰዓት አቁሙ። ዓሣ እዚህ ብሉ፤ ከሐይቁ ወጥቶ ብዙ ሳይቆይ ምጣድ ላይ ይወርዳል፣ ዋጋውም ከላንጋኖ ሪዞርቶች ጋር አይወዳደርም። ቆሮሶ ሙሉውን ተጠብሶ በዳጣ ሲቀርብ ሥጋው ከአጥንቱ ያለ ችግር ይላቀቃል፤ አምባዛ ስቡ በዛ ይላል፣ ለጉላሽ ይሆናል። ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ግን አትግቡ፤ ቢልሃርዚያ አለበት። ገንዘብም እዚህ አውጡ፤ ከባቱ በኋላ ሐይቁ ዳር ኤቲኤም አገኛለሁ ብሎ መሄድ አያዋጣም፣ ኔትወርክ ሲጠፋም ቴሌብር አይሠራም። የታሸገ ውኃ፣ ሙዝና ብርቱካንም ከዚሁ ግዙ። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታልና የቧንቧውን አትጠጡ።

ከባቱ ወደ አርሲ ነገሌ የሚሄድ ሚኒባስ ይዛችሁ ለረዳቱ ገና ስትገቡ ንገሩት፦ «ላንጋኖ መገንጠያ ወራጅ ነን»። የሪዞርቱን ስም ጨምሩለት፤ የየሪዞርቱ መገንጠያ የተለያየ ነው፣ አንዱን አልፎ መውረድ በፀሐይ ሦስት አራት ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። አዳሚ ቱሉንና ቡልቡላን ካለፋችሁ በኋላ ተዘጋጁ። ግራሩ ሳሳ እያለ በግራ በኩል ቡናማ ውኃ ብልጭ ሲል ደርሳችኋል። ረዳቱ የመኪናውን ጎን በመዳፉ ሁለቴ ይመታል፣ መኪናው ሙሉ በሙሉ ሳይቆም በሩ ይከፈታል፣ እናንተ ወርዳችሁ ቦርሳችሁን ከመሬት ሳታነሱ ሄዷል። ሪዞርቱ የሚታየው ሰሌዳው ብቻ ነው። ከመገንጠያው እስከ ውኃው ጥቂት ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ባጃጅ ወይም ሞተር ቆሞ ከተገኘ ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ተስማሙ። ላይገኝ ስለሚችል ቀድማችሁ ሪዞርቱ ጋ ደውሉ፣ አንዳንዶቹ መኪና ይልካሉ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ለምዕራቡ ዳርቻ ነው፤ ሳባናን የመሳሰሉት አስፋልቱ አጠገብ ያሉት ማለት ነው። በደቡብ ምሥራቅ በኩል ደን ውስጥ ያሉት ሎጆች ውበታቸው የበለጠ ነው። የሚገባባቸው ግን ከአርሲ ነገሌ በኩል ብዙ ኪሎ ሜትር የአፈር መንገድ ተጉዞ ነው፣ መደበኛ ትራንስፖርትም የለውም። ከኮንትራት መኪና ጋር እንጂ በሕዝብ ትራንስፖርት አትሞክሩት።

ውኃው

ላንጋኖን መጀመሪያ ያየ ሰው ቆሻሻ ይመስለዋል። መልኩ ማኪያቶ ነው። ቡናማ ያደረገው ቆሻሻ ሳይሆን በውኃው ውስጥ ተንሳፍፎ የማይዘቅጥ ደቃቅ አፈር ነው። እጃችሁን እስከ ክንድ ብታስገቡ ጣቶቻችሁ አይታዩም። አሸዋው ከእግር በታች መጀመሪያ ጠጠር የበዛበት ነው፣ ትንሽ ገባ ሲሉ ይለሰልሳል፣ አልፎ አልፎ የሚያዳልጥ ድንጋይ አለ፤ ስለማይታይ እግርን እየጎተቱ መግባት ነው እንጂ መዝለል አያስፈልግም። ራስን ቀድሞ መወርወርማ ፈጽሞ አይደረግም።

ውኃው ሶዳ አለበት፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ያስታውቃል። ዓይን ትንሽ ያቃጥላል፣ ፀጉር ያደርቃል፤ ከወጣችሁ በኋላ በንጹሕ ውኃ ታጠቡ። ቢልሃርዚያ የለበትም መባሉም ከዚሁ ከውኃው ጠባይ ጋር ይያያዛል። ላንጋኖ 1,585 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ፣ በጣም ጥልቅ የሆነው ቦታው ከ45 ሜትር የሚያልፍ ሐይቅ ነው። በስተሰሜን ያለው አሉቶ የሚባለው ተራራ እሳተ ገሞራ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሙቀት ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ውሏል፣ በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻም ፍል ውኃዎች አሉ።

ለመዋኘት ጠዋት ከ2 እስከ 6 ሰዓት ምርጥ ነው፤ ውኃው ዝም ይላል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ማዕበል ይመታል። ልጆች ይወዱታል፣ ግን ማዕበሉ ሲመለስ እግር ይጎትታል፣ ውኃው ስለደፈረሰ የሰመጠ ሰው ከሁለት ሜትር ርቀት አይታይም። ነፍስ አድን ዋናተኛ አለ ብላችሁ አትተማመኑ። ልጅ ያለው ሰው ከወገብ በላይ ውኃ ውስጥ አያስገባ፣ ከልጁም ክንድ አይራቅ። ጉማሬ በደቡብና በምሥራቅ ዳርቻ ስላለ ሪዞርቶቹ ከሚጠቀሙበት ዳር ውጭ፣ በተለይ ሲመሽ፣ ብቻን እየራቁ አትሂዱ።

የግራሩን እሾህ ግን ማንም አያስጠነቅቅም። ዳርቻው ላይ ያሉት ግራሮች የሚያራግፉት እሾህ ቀጥ ያለና ነጭ ነው፣ የጣት ርዝመት ያለውም አለ፤ አሸዋው ላይ ከደረቀ ሣር አይለይም። ቀጭን ነጠላ ጫማ በስቶ እግር ይገባል። ሶሉ ወፍራም የሆነ ሰንደል ያዙ፣ ወረንጦና የቁስል ማጽጃም ቦርሳ ውስጥ ይኑር።

ማደሪያውን ረቡዕ ሳያልፍ በስልክ ያዙ፤ ቅዳሜ ማታ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። ስትደውሉ የምትጠይቁት አጎበር አለ ወይ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር እስከ ስንት ሰዓት ይሠራል፣ ድንኳን መትከል ይቻላል ወይ የሚለውን ነው። ወባ አካባቢው ላይ አለ። ለቀን ብቻ የሚገባ ሰው የመግቢያ ይከፍላል፤ ክፍያው ከምግብ ሒሳብ ይቀነስ እንደሆነ በር ላይ ጠይቁ። ምግቡ ላይ ያለን አስተያየት አጭር ነው፦ ለዋጋው ተራ ነው፣ ቅዳሜ ምሳ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ያስጠብቃል፤ ሳይርባችሁ እዘዙ።

ለሐይቁ ከአምስት አራት ነጥብ እንሰጣለን። ለመንገዱ 2፤ ያውም ለአንደኛ ደረጃ አውቶቡሱ ወንበር ብለን።

መመለስ

እሑድ 6 ሰዓት ላይ ከሐይቁ ውጡ። ከሰዓት በኋላ ከሻሸመኔና ከሐዋሳ የሚመጣው መኪና ሁሉ ሞልቶ ነው የሚያልፈው፤ መገንጠያው ላይ ቆሞ እጅ ማውለብለብ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። አንድም ባዶ መኪና ካላገኛችሁ ወደ ኋላ ወደ አርሲ ነገሌ ሂዱና ከመናኸሪያው ወንበር ይዛችሁ ተነሱ። ወደ ኋላ መመለስ የሚያስጠላ ቢመስልም ጊዜ የሚቆጥበው እሱ ነው። በየከተማው እየቀየሩ፣ ባቱ፣ ሞጆ፣ ቃሊቲ እያሉ መሄድም ይቻላል። ከሰዓት ወደ ሰሜን ስትጓዙ ፀሐዩ በግራ ነው፤ በቀኝ ተቀመጡ።

ማደሪያ አየር ጤና አካባቢ ያዙ፣ ሰኞ 11 ሰዓት ንጋት ላይ መናኸሪያው በር ላይ እንድትገኙ። የመልሱን ትኬት አንደኛ ደረጃ አውቶቡስ ላይ ቀደም ብሎ መቁረጥ ከተቻለ ከጅማ ሳትወጡ ቁረጡ፤ እሑድ ማታ ደርሳችሁ ለሰኞ ትኬት የምታገኙበት ዕድል ጠባብ ነው። አቅም ያለው ሰው ከጅማ አዲስ አበባ ያለውን በአውሮፕላን ቢያደርገው በረራው አንድ ሰዓት አይሞላም፣ ጉዞውም ከአራት ቀን ወደ ሦስት ይወርዳል።

ሁለት ቀን ብቻ ያለው ሰውስ?

ከጅማ አይራቅ። ለመዋኘት ሳይሆን ውኃ ዳር ለመዋል ሁለት ቦታ አለ።

ቅዳሜን ቦዬ ረግረግ። ከከተማው ወጣ ብሎ በአዲስ አበባው መንገድ ነው፣ በባጃጅ ኮንትራት ይደረሳል፤ ለደርሶ መልስ ከነመጠበቂያው ተስማሙ፣ አለበለዚያ ስትመለሱ ባጃጅ አይገኝም። ጉማሬዎቹ ውኃ ውስጥ የሚታዩት በማለዳና ከ10 ሰዓት በኋላ ነው፤ ሲመሽ ለሣር ስለሚወጡ በእነሱና በውኃው መካከል ቆሞ መገኘት ሕይወት ያስከፍላል። እግርም አትንከሩ፤ ከጉማሬው ሌላ በጅማ ዙሪያ ባሉ ወንዞችና ረግረጎች ቢልሃርዚያ መኖሩ በጥናት የታወቀ ነው። ለወፍ ተመልካች ግን ግማሽ ቀን የሚያስውል ቦታ ነው፣ የርቀት መነጽር የያዘ ሰው ደግሞ የበለጠ ይደሰታል።

እሑድን ግልገል ጊቤ። በ2004 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ያጠራቀመው ውኃ በአሰንዳቦና በደነባ አካባቢ ተንጣልሎ ይታያል። ከጅማ መናኸሪያ የአሰንዳቦ ሚኒባስ ይዞ መውረድ፣ ከዚያ የአካባቢውን ሰው መንገድ ጠይቆ ወደ ዳሩ መሄድ ነው። ሪዞርት የለም፣ ጥላም ትንሽ ነው፤ ስንቅና ውኃ ይዛችሁ ሂዱ። ጥሩው ጊዜ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ነው፣ ግድቡ በክረምቱ ሞልቶ ሣሩ ድረስ ይመጣል። ሚያዝያ ላይ ውኃው ስለሚሸሽ በእናንተና በውኃው መካከል ሰፊ ጭቃ ይቀራል፤ ከላይ የደረቀ መስሎ ከሥሩ እስከ ጉልበት ያሰምጣል፣ በላዩ አትሂዱ።

ከውኃው ዳር ሳይመሽ ተነሱ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከግድቡ ውኃ አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናት ራቅ ብለው ከሚኖሩት ይልቅ በወባ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይተዋል፤ የወባ ትንኝ የምትናከሰው ደግሞ ከምሽት ጀምሮ ነው። እጅጌው ረጅም ልብስ ይያዝ። ለመልሱ ከ10 ሰዓት ተኩል በፊት አሰንዳቦ ላይ ሁኑ፤ ከ11 በኋላ ወደ ጅማ የሚገባው ሚኒባስ እየሳሳ ይሄዳል፣ ከሰኮሩ በኩል የሚመጣውም ወንበር አይኖረውም።